መጋዘን የገቡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ለማስተማሪያ ላብራቶሪ (ላብ) ይሆናሉ ወይ?

ሰሞኑን ከጅማና ከአካባቢዋ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ አሮጌ ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ አገናኝቶ ከአንድ ሰርቨር (ሌሎቹን ከሚያገለግል ዋና ኮምፒውተር) ማሠራት። ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ጅማ ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የአይሲቲ መምህር ነኝ። መጋዘናችን ውስጥ በእርዳታ የመጡ ወደ ሃያ አምስት የሚሆኑ ዴስክቶፖች አሉ። የተወሰኑት ፔንቲየም 4፣ የቀሩት ኮር 2 ዱኦ ናቸው። ራማቸው ከ512 ሜጋባይት እስከ 2 ጊጋባይት ነው። ዊንዶውስ 7 ጭነን ሞክረናል፤ እስኪከፈት ድረስ ክፍለ ጊዜው ይጋመሳል። አሁን በጨረታ ይወገዱ የሚል ሐሳብ መጥቷል። ተማሪው ኪቦርድ በእጁ ሳይነካ ፈተና ሲቀመጥ ማየት ያንገበግበኛል። ቲን ክላየንት የሚባለው ነገር ያዋጣናል?

መልስ፦ መምህር፣ ጨረታውን ለጊዜው ያቆዩልን። ያዋጣችኋል፤ ግን ለሁሉም ማሽን አይደለም።

ኮር 2 ዱኦዎቹ የሚንቀራፈፉት ከአቅማቸው በላይ ስለተጫኑ ነው። ዊንዶውስ 7፣ በላዩ አንቲቫይረስ፣ በላዩ ደግሞ የዛሬ ዘመን ብራውዘር፣ ይህ ሁሉ 1 ጊጋባይት ራም ላይ ሲደራረብና ሃርድ ዲስኩም ዓመታት የተንገላታ ሲሆን ሌላ ምን ይጠበቃል? በቲን ክላየንት አሠራር ፕሮግራሙ የሚሠራው ሰርቨሩ ላይ ነው። ተማሪው ፊት ያለው ማሽን ሁለት ሥራ ብቻ ይቀረዋል። ከሰርቨሩ የመጣውን ምስል ያሳያል፣ ተማሪው የነካውን ቁልፍና ማውስ ወደ ሰርቨሩ ይልካል። ይህን ኮር 2 ዱኦ ያለ ምንም ችግር ይወጣዋል።

ሌላም መንገድ አለ፤ ዲስክ አልባ የሚባለው። እዚህ ላይ ሲስተሙ በኔትወርክ ከሰርቨሩ ይመጣል፣ ፕሮግራሞቹ የሚሠሩት ግን በማሽኑ በራሱ ፕሮሰሰርና ራም ነው። 2 ጊጋባይት ራም ላላቸው ኮር 2 ዱኦዎች ይህኛው ጥሩ ነው፤ የሰርቨሩንም ሸክም ያቀላል። ከዚያ በታች ላሉት ቲን ክላየንቱ ይሻላል። ሁለቱን በአንድ ላብ ውስጥ ማሠራት ይቻላል።

እንዴት እንደሚነሣ በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ አንዱን ማሽን ጠረጴዛ ላይ ያውጡ። ሃርድ ዲስኩን ይንቀሉት። ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ የሚገባበት መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው በኔትወርክ መነሣትን ያስፈቅዱት፣ የኔትወርክ ኬብሉን ሰክተው ያብሩት። ጥቁር ስክሪን ላይ ‹ዲኤችሲፒ› የሚል ነጭ ጽሑፍ ይመጣል፣ አጠገቡ ነጥቦች እየተደረደሩ ትንሽ ሰረዝ ትሽከረከራለች። በዚያ ሰዓት የኔትወርክ ካርዱ ‹አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?› ብሎ ኔትወርኩ ላይ እየተጣራ ነው። ሰርቨሩ ሲሰማው አድራሻና የአንዲት ፋይል ስም ይሰጠዋል። ማሽኑ ያቺን ትንሽ ፋይል ‹ቲኤፍቲፒ› በሚባል መንገድ ጎትቶ ይጭናታል፣ እሷ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ትጠራለች፣ ከርነሉ ደግሞ የቀረውን ሲስተም ከሰርቨሩ ያመጣል። ከዚያ የስምና የይለፍ ቃል መጠየቂያው ይመጣል። ሃርድ ዲስክ የለ፣ ሲዲ የለ፣ ፍላሽ የለ። ይህ አሠራር ፒኤክስኢ ይባላል፣ በድሮ ማሽኖችም ላይ በብዛት አለ።

ለዚህ ሥራ የምመክርዎት የሊነክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም) ተርሚናል ሰርቨር ፕሮጀክትን፣ በአጭሩ ኤልቲኤስፒን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ በ2019 ደግሞ ከሥሩ እንደ አዲስ ተጽፏል። ይህን የምነግርዎት በምክንያት ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚያገኟቸው ብዙ መመሪያዎች ለድሮው ስሪት የተጻፉ ናቸው፤ የሁለቱን ትእዛዝ ቀላቅሎ የሠራ ሰው መግቢያና መውጫው ይጠፋዋል። አዲሱ ስሪት በቀጥታ የሚሰጥዎት ዲስክ አልባውን ነው። ቲን ክላየንት ማድረግ ሲፈልጉ ማሽኑ እንደተነሣ በሪሞት ዴስክቶፕ (ሌላ ኮምፒውተርን በኔትወርክ ከሩቅ መጠቀሚያ) ሰርቨሩ ውስጥ እንዲገባ ያዙታል።

አሁን ገንዘቡ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ብዙ ትምህርት ቤት ያለችውን በጀት ለእያንዳንዱ አሮጌ ማሽን ራምና ሃርድ ዲስክ በመግዛት ይበትናታል። እባክዎን እንዲህ አያድርጉ! ገንዘቡ ሰርቨሩ ላይ፣ ስዊቹ (የኔትወርክ ኬብሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሳጥን) ላይና መብራቱ ላይ ይውጣ። ሰርቨር ሲባል የግድ ትልቁን የካምፓኒ ማሽን መግዛት የለብዎትም። ጥሩ ያገለገለ ኮር አይ5 ወይም አይ7 ዴስክቶፕ ይበቃል፣ ራሙ ከተሞላና ኤስኤስዲ (ፈጣኑ አዲስ ዓይነት ዲስክ) ከገባለት። ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ተማሪ ሊብሬ ኦፊስ (እንደ ዎርድና ኤክሴል ያለውን ነጻ ፕሮግራም) እና አንድ ሁለት የብራውዘር ገጽ ሲከፍት 1 ጊጋባይት ገደማ ይያዝለት። ሃያ ተማሪ በቲን ክላየንት ቢቀመጥ ከሰርቨሩ ራሱ ፍላጎት ጋር 24 ጊጋባይት ይደርሳል፣ 32 ቢሆን ደግሞ ያለ ሐሳብ ይሠራሉ። ኤስኤስዲውን አይደራደሩበት፤ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ የድሮው ሃርድ ዲስክ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ስዊቹ ጊጋቢት ይሁን። የተማሪዎቹ ማሽን 100 ሜጋቢት ካርድ ቢኖረው ለቲን ክላየንት ምንም አይደለም፣ ከሰርቨሩ ወደ ስዊቹ የሚሄደው መስመር ግን ጊጋቢት መሆን አለበት። ሁሉም የሚጎርፈው በዚያ በኩል ነው። ዋይፋይ አይሞክሩ። ኬብሉ ካት5ኢ ወይም ካት6 ይሁን፣ አንዱ ዝርጋታ ከ100 ሜትር አይለፍ።

ፔንቲየም 4ቶቹን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎት፤ ይተዉአቸው። ብዙዎቹ 32 ቢት የሚባለው የድሮው ዓይነት ናቸው። ኡቡንቱ የሚባለው የሊነክስ ዓይነት ለ32 ቢት ማሽን ማዘጋጀት ካቆመ ቆይቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሌላኛው ሊነክስ፣ ዴቢያን 13ም እነሱ ላይ አይጫንም። በዴቢያን 12 ለብቻቸው ሌላ ሲስተም አዘጋጅቶ ማስነሣት ይቻላል፣ ግን ሁል ጊዜ ሁለት ሲስተም መንከባከብ ሊኖርብዎት ነው። መብራቱም አለ። የፔንቲየም 4 ሲስተም ዩኒት ብቻውን 100 ዋት ገደማ፣ ወፍራሙ የድሮ ሞኒተር ደግሞ ከ70 እስከ 80 ዋት ይበላል። እንዲህ ዓይነቱ ሃያ ማሽን ሲሰለፍ 3,500 ዋት ሆነ ማለት ነው፤ የአንድ ክፍል ሶኬት መስመር ይህን አይሸከምም። ይልቅ ኪቦርዳቸውን፣ ማውሳቸውን፣ የፓወር ኬብላቸውን ለመለዋወጫ ያስቀምጡ።

ኮር 2 ዱኦዎቹን ደግሞ ከመሰካትዎ በፊት አንድ በአንድ ይክፈቷቸው። አቧራውን በብሩሽና በነፋስ ያውጡ። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ካፓሲተሮች አናታቸውን ይመልከቱ፤ ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር የተፋ ካለ ያንን ማሽን ወደ መለዋወጫ። በጅማ እርጥበት መጋዘን ውስጥ የከረመ ራም እግሩ ይዝጋል፣ ማሽኑ ጮሆ እምቢ ይላል። ራሙን አውጥተው የወርቅማውን ጫፍ በላጲስ ፈግፈግ አድርገው ቢመልሱት አብዛኛውን ጊዜ ይነሣል። ሁለት 1 ጊጋባይት ያላቸው ማሽኖች ካሉና የራማቸው ዓይነት አንድ ከሆነ፣ የአንዱን ወደ ሌላው አዙረው አንድ ባለ 2 ጊጋባይት ያድርጉ። ከሃያ አምስቱ አሥራ አምስት ማሽን ያለው ጥሩ ላብ ቢወጣ ትርፍ ነው። የማዘርቦርዷ ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለው፣ ከሞተች ማሽኑ ሰዓቱንም ያስተካከሉትንም ይረሳል። ርካሽ ናት፤ ሁሉንም ይቀይሯቸው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሰርቨር፣ አንድ ስዊችና ሁለት ማሽን ይዘው ቢሮዎ ውስጥ ይሞክሩት። ርዕሰ መምህሩን ይጥሯቸውና ሲነሣ ያሳዩአቸው። ከማንኛውም ደብዳቤ በላይ ያሳምናል።

ጥያቄ፦ መርካቶ አካባቢ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አለኝ። ሠልጣኞቼ ዎርድ፣ ኤክሴልና ፒችትሪ (የሒሳብ አያያዝ ፕሮግራም) ነው የሚፈልጉት። አንድ ሰው በአንድ ዊንዶውስ 10 ላይ ክራክ ጭኖ አሥር ሰው በሪሞት አስገባልሻለሁ ብሎኛል። ልቀበለው?

መልስ፦ አትቀበዪው እህቴ። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 በአንድ ጊዜ የሚያስተናግዱት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ፈቃዳቸውም እንደዚያ ነው። ያ ክራክ ይህን ገደብ በጉልበት የሚሰብር ነው። ዊንዶውስ ራሱን ባሳደሰ ቁጥር ይበላሻል፤ ጠዋት አሥር ሠልጣኝ ከፍሎ ተቀምጦ አንዱም አይገባም፣ ሰውዬው ደግሞ ስልክ አያነሣም። ሌላው፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። የደህንነት እድሳት የማያገኝ አንድ ማሽን ላይ አሥር ሰው፣ አሥር ፍላሽ ይዞ... አስቢው።

በዊንዶውስ በሕጋዊ መንገድ ይሠራ ከተባለ ዊንዶውስ ሰርቨር ያስፈልጋል፣ በላዩ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወይም ማሽን የሪሞት ዴስክቶፕ ፈቃድ ይገዛል። ለሙከራ 120 ቀን ያለዚህ ፈቃድ ይሠራል፣ ከዚያ ይዘጋል። ዋጋው ለአንድ አነስተኛ ማሠልጠኛ ከባድ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ፒችትሪ ዊንዶውስ ላይ ብቻ ስለሚሠራ ሁለት ሦስት ጠንካራ ማሽን በዊንዶውስ ለእሱ ለብቻ ይቀመጡ፣ ሠልጣኞቹም በተራ ይግቡ። የቀሩት በኤልቲኤስፒ ይሁኑ። መሠረታዊ ኮምፒውተር፣ ታይፒንግ፣ ኢንተርኔት፣ የሠንጠረዥ ሥራ ሁሉ እዚያ ላይ ይሰጣል። ሊብሬ ኦፊስ ካልክ ላይ ሱምና ኢፍ የተማረ ልጅ ኤክሴል ላይ አይጠፋውም፤ የበተኖቹ ቦታ ነው የሚለየው። ሰርተፍኬትሽ ላይ ግን ያስተማርሽውን ስም ጻፊ።

አንድ ትልቅ እፎይታም ታገኛለሽ። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው የፍላሽ ቫይረስ ሊነክስ ላይ ምንም አያደርግም። ፋይሎቹ ተደብቀው ከሆነም እዚያው ከፍተሽ ማውጣት ትችያለሽ። ፍላሹ በዲስክ አልባው ማሽን ላይ እንደተሰካ ይከፈታል፣ በቲን ክላየንት ላይ ግን ሪሞት ዴስክቶፑ ፍላሹን ወደ ሰርቨሩ እንዲያሻግር መታዘዝ አለበት። ይህን የሚሠራልሽ ሰው እንዳይረሳው አስጠንቅቂው።

ጥያቄ፦ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የምማር የቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ። ለፕሮጀክት ኤልቲኤስፒ ጫንኩ። ክላየንቱ አድራሻ ያገኛል፣ ከዚያ ‹ፒኤክስኢ-ኢ53› ብሎ ይቆማል። አንድ ራውተር እዚያው ስዊች ላይ አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ችግርህን ራስህ ጽፈኸዋል፤ ራውተሩ ነው። ኢ53 ማለት አድራሻ ደርሶኛል፣ የማስነሻ ፋይል ስም ግን አልተነገረኝም ነው። አድራሻውን የሰጠው ራውተሩ ነው፣ እሱ ደግሞ ስለ ሰርቨርህ የሚያውቀው ነገር የለም።

ሁለት መፍትሔ አለህ። ቀላሉ፣ ሰርቨሩ ላይ ዲኤንኤስማስክ የሚባለውን ፕሮግራም በፕሮክሲ ዲኤችሲፒ ማሠራት ነው። ራውተሩ አድራሻ መስጠቱን ይቀጥላል፣ ሰርቨሩ የፋይሉን ስም ብቻ ይጨምርበታል። ‹ኤልቲኤስፒ ዲኤንኤስማስክ› የሚለው ትእዛዝ ይህን ያዘጋጅልሃል፤ ሠርተኸው ከሆነ አገልግሎቱ መነሣቱንና ፋየርዎሉ (የኔትወርክ መከላከያው) እንዳልከለከለው እይ። አንዳንድ አሮጌ የኔትወርክ ካርዶች ግን ፕሮክሲውን በደንብ አይረዱትም። ያኔ ሁለተኛውን ያዝ፤ ሰርቨሩ ላይ ሁለት የኔትወርክ ካርድ አድርግ፣ አንዱ ወደ ራውተሩ፣ አንዱ ክላየንቶቹ ወዳሉበት ስዊች። በዚያ በኩል አድራሻ የሚሰጠው ሰርቨሩ ብቻ ይሆናል፤ ኤልቲኤስፒ ለዚህ የሚጠቀመው 192.168.67 የሚጀምረውን ነው። ለላብ እኔ የምወደው ይኼኛውን ነው። ማንም ራውተር አምጥቶ ቢሰካ የላቡን ሥራ አይበጠብጠውም።

ሌሎቹንም የስሕተት ቁጥሮች ስለምታገኛቸው ያዛቸው። ኢ61 ከመጣ ኬብሉን እይ፣ አልተሰካም ወይም ጫፉ በደንብ አልተመታም። ኢ51 አድራሻ የሚሰጥ ማንም አልተገኘም ማለት ነው። ኢ32 ደግሞ የፋይሉ ስም ደርሷል፣ ፋይሉን ሲጠይቅ ግን የሚመልስ የለም፤ ብዙ ጊዜ ፋየርዎል ነው፣ ወይም ቲኤፍቲፒው አልተነሣም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ሰርቨሩ ላይ አዲስ ፕሮግራም ጭነህ ክላየንቱ ላይ ከጠፋብህ አትደንግጥ። ‹ኤልቲኤስፒ ኢሜጅ› የሚለውን ትእዛዝ ደግመህ ኢሜጁን (ለክላየንቶቹ የሚላከውን የሲስተሙን ቅጂ) ካላደስከው ክላየንቶቹ የሚያዩት የትናንቱን ነው።

ጥያቄ፦ ከአጋሮ ነው የምጽፍላችሁ። እኛ ጋ ክረምት ሲገባ ነጎድጓድ ሲያጓራ መብራት ይሄዳል። ሁሉም ነገር አንድ ሰርቨር ላይ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ሁሉም አብሮ አይጠፋም?

መልስ፦ ስጋትህ ትክክል ነው፣ ግን ነገሩ ከምታስበው በተቃራኒ ሊጠቅምህ ይችላል። ዛሬ አሥር ማሽን ለየብቻው ቢኖርህ አሥሩም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ይፈልጋሉ። በቲን ክላየንት ግን ዩፒኤስ የሚያስፈልጋቸው ሰርቨሩና ስዊቹ ብቻ ናቸው። ሁለቱ ተደምረው ከ100 እስከ 150 ዋት ስለማያልፉ መካከለኛ ዩፒኤስ ይይዛቸዋል።

መብራት ሲሄድ የሆነውን ልንገርህ። ተማሪዋ የማመልከቻ ደብዳቤ እየጻፈች ‹ከሠላምታ ጋር› ላይ ደርሳለች። ድርግም! ስክሪኗ ጠፋ። ሰርቨሩ ግን በዩፒኤስ ላይ ነው፣ ደብዳቤዋም እዚያ እንደተከፈተ አለ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መብራቱ ሲመጣ ማሽኗን አብርታ፣ ስሟንና የይለፍ ቃሏን ስታስገባ ያንኑ ገጽ ታገኛለች፤ ጠቋሚው እዚያው ‹ጋር› ጎን ብልጭ ድርግም ይላል። ይህ የሚሆነው ግን በቲን ክላየንት ነው። በዲስክ አልባው ከሆነ ሴቭ ያደረገችው ፋይል ሰርቨሩ ላይ ይተርፋል፣ ሴቭ ያላደረገችው ይጠፋል። መብራት በየሰዓቱ በሚሄድበት ቦታ ቲን ክላየንትን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ዩፒኤሱ ከሰርቨሩ ጋር በዩኤስቢ ይገናኝ፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት እንዲያጠፋ። ከዚህ ውጭ የሰርቨሩ የተማሪዎች ፎልደር በየሳምንቱ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ስለሆነ ይህ ግዴታ ነው።

መብረቁን በተመለከተ፣ ከአንዱ ሕንጻ ወደ ሌላው የመዳብ የኔትወርክ ኬብል በአየር ላይ አትዘርጋ። መብረቅ አጠገብ ሲወድቅ በዚያ መስመር የሚገባው ኃይል ስዊቹንም ሰርቨሩንም ያቃጥላል። የግድ ከሆነ ፋይበር ይሁን። ሰማዩ ሲከፋ ደግሞ የላቡን መስመር ከብሬከሩ ማጥፋት ከሁሉም ይሻላል። አሥር ማሽን በአንድ ዲቫይደር ላይ መደርደርም ይቅር፤ እሳት ነው።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። አማርኛም አፋን ኦሮሞም እጽፋለሁ። ወደ ሊነክስ ከሄድን ፓወር ግዕዝ ይኖራል?

መልስ፦ ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ የአማርኛ መጻፊያ ነው፣ አይኖርም። ሊነክስ ግን የራሱ የአማርኛ መጻፊያ አለው፤ አይባስ በሚባለው የኪቦርድ መምረጫ ላይ ኤም17ኤን የሚባለውን ሲጨምሩ የአማርኛ ኪቦርድ ይመጣል፣ አጻጻፉም በድምፅ ስለሆነ በጥቂት ቀን ይለምዱታል። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ ምንም መጨመር አያስፈልግም፤ ያው የላቲኑ ኪቦርድ ነው። ሊብሬ ኦፊስ ሜኑውን ሳይቀር በአማርኛ ማድረግ ይችላል።

የሚያስቸግርዎት ድሮ ዩኒኮድ (የዛሬው የጋራ የፊደል ኮድ) ባልሆነ የግዕዝ ፊደል የተጻፈው ነው። ያኔ የተጻፉ ደብዳቤዎች ሲከፈቱ የተዘበራረቀ ምልክት ይሆናሉ። ከመሸጋገራችሁ በፊት፣ አሮጌው ዊንዶውስ ሳይጠፋ፣ አስፈላጊዎቹን ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ላቡ ቢቋቋምም ኢንተርኔት የለንም። ታዲያ ተማሪው ምን ያይበታል?

መልስ፦ ብዙ ነገር። ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ዊኪፔዲያን ሙሉውን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ሰርቨሩ ላይ አንድ ጊዜ ይጫናል፣ ክላየንቶቹ በብራውዘር ገብተው ያነባሉ። የአማርኛው ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ ይወርዳል፣ የእንግሊዝኛው ከነምስሉ ግን ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ፈጣን መስመር ካለበት ቦታ አውርዶ በሃርድ ዲስክ ማምጣት ይሻላል። ኮሊብሪ የሚባለውም የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶችን ከነመልመጃቸው ይዟል፣ መምህሩም ማን የት እንደደረሰ ያይበታል። የቪዲዮ ትምህርቶቹን ዲስክ አልባ በሆኑት ማሽኖች ላይ ያሳዩ፤ በቲን ክላየንት ሙሉ ስክሪን ቪዲዮ ይቆራረጣል፣ ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ከከፈተ ደግሞ ሰርቨሩ ይንበረከካል። ለዚህ ሁሉ ከሲስተሙ ኤስኤስዲ ሌላ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሰርቨሩ ላይ ይጨመር።